በአራት ብሎኮች መካከል ያለ ባዶ መሬት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፦ ልኬት

ሥራው የሚመለከተው በአዲስ አበባ በሰሚት የጋራ መኖሪያ መንደር ውስጥ በአራት ብሎኮች የተከበበ፣ ቁመቱ 34 ወርዱ 22 ሜትር የሆነ ባዶ መሬት ነው። ቦታው በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ስፍራ ተብሎ የተሰየመ ቢሆንም፣ በተግባር ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሆነና በአንድ ጥጉ የግንባታ ፍርስራሽ የተከመረበት ሜዳ ሆኖ ቆይቷል። የብሎኮቹ ነዋሪዎች ይህን ቦታ በራሳችን መዋጮና በራሳችን ውሳኔ ለመሥራት ተስማምተን ኮሚቴ ስናቋቁም፣ በሙያዬ የከተማ ፕላን ሠራተኛ በመሆኔ ልኬቱንና የምክክሩን መዝገብ የመያዝ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ።

በልኬቱ የተገኘው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ መሬቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ በመጠኑ ያዘቀዝቃል፤ በመሐሉ ክዳኑ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ማንሆል አለ፤ በምሥራቅ በኩል ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ለበዓል በግ የሚታረድበት ኮሙናል ቤት ይገኛል፤ በምዕራብ በኩል የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ያልፋል። ከሰሜን ምሥራቁ መወጣጫ ተነሥቶ ሜዳውን በአግድመት አቋርጦ ወደ ታክሲ መያዣው የሚወስድ፣ በእግር ብዛት የተፈጠረ መንገድም አለ። ይህን መንገድ ማንም አልነደፈውም፤ ነገር ግን በቦታው ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የተጠና እርሱ ስለሆነ በንድፉ ላይ እንዳለ እንዲቆይ ከመጀመሪያው ቀን አሰመርኩበት። አፈሩ መረሬ ነው፤ ማለትም ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ነው፤ ይህ በኋላ በወጪያችን ላይ ዋናውን ሸክም የጣለው ጉዳይ ይሆናል።

ኅዳር 2017፦ ማን ይጠየቅ?

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በጋራ የሚያዘውን ንብረት የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጠው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። በዚሁ መሠረት የመጀመሪያው ስብሰባ የተጠራው በማኅበሩ በኩል ሲሆን፣ ከተገኙት ባለቤቶች መካከል በርከት ያሉት ቤታቸውን አከራይተው በሌላ ሰፈር የሚኖሩ ነበሩ። ከስብሰባው የወጡት ሐሳቦች የመኪና ማቆሚያ፣ የሚከራይ ሱቅ እና አጥር ናቸው። ሦስቱም ሐሳቦች ቦታውን በሩቁ ለሚያይ ሰው ተገቢ ናቸው፤ ሆኖም በሜዳው ላይ ውሎ የሚያመሽ አንድም ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ምክንያቱም በአራቱ ብሎኮች ከሚኖረው ሰው አብዛኛው ተከራይ ነው።

የሕዝብ ተሳትፎ ሲባል በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ይኸው አዳራሽ ነው፤ ተሰብሳቢው የተዘጋጀውን ንድፍ ተመልክቶ፣ አስተያየት ሰጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ይበተናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ቃሉ ዜጎች የሚል እንጂ ካርታ ያላቸው የሚል አይደለም። ስለዚህ ውሳኔው በሕጉ መሠረት በባለቤቶች ማኅበር እንዲጸድቅ፣ ምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ግን በቦታው ለሚኖረው ሁሉ እንዲቀርብ ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረብኩ። ተቃውሞ ነበር፤ አንድ የኮሚቴ አባል «ነገ ለሚለቅ ሰው ዛሬ ምን ብለን እንጠይቀዋለን?» ብለው ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የሚለቀውም ሰው ቢሆን በሌላ ተከራይ ይተካል፤ ስለዚህ ሜዳው መቼም ቢሆን ከተከራይ አይለይም።

የነዋሪውን ዝርዝር ፍለጋ ስንወጣ ከማኅበሩ መዝገብ ይልቅ የዕድሩ መዝገብ የተሟላ ሆኖ ተገኘ። በዕድሩ መዝገብ ባለቤትና ተከራይ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ተደባልቀው ተመዝግበዋል። የዕድሩ ዳኛ ይህንን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቋጩት፦ «ልጄ፣ ሬሳ ሲወጣ ካርታ አይጠየቅም።» ከዚያ በኋላ ለየመወጣጫው የሚተላለፈው ጥሪ በዕድሩ ለፋፊ አማካይነት እንዲሆን ተወሰነ። ይሁን እንጂ የዕድሩም መዝገብ ቢሆን ላጤ ተከራዮችን፣ የቤት ሠራተኞችን፣ የጥበቃ ሠራተኞችንና ልጆችን አይዝም። እነዚህን መጥራት ሳይሆን ወዳሉበት መሄድ ያስፈልግ ነበር።

ታኅሣሥ 2017፦ ምልከታ

በሥራ ቀንና በእሑድ፣ በተለያዩ ሰዓታት፣ በሜዳው ላይ ማን ምን እንደሚሠራ ከመወጣጫ ላይ ሆኖ መመዝገብ ተጀመረ። ሁለት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ሥራ ከእኔ በተሻለ ትዕግሥት ሠርተውታል። ጠዋት የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ሕፃናትን ይዘው ወደ ኮሙናል ቤቱ ይመጣሉ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ተማሪዎች ሜዳውን ለኳስ፣ ለሱዚና ለብይ ይከፋፈሉታል፤ ሲመሽ ወጣቶች የመወጣጫ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፤ ነዋሪውም ደረጃውን ዘጉብን እያለ ያማርራል። ወጣቶቹ ደረጃውን የሚመርጡት ሌላ መቀመጫ ስለሌለ መሆኑን ያስተዋለ ግን አልነበረም።

ከኮሙናል ቤቱ የተገኘው አስተያየት ንድፉን በቀጥታ ለውጦታል። የልጆች መጫወቻው መጀመሪያ የታሰበው ከመኪና ይራቅ ተብሎ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከኮሙናል ቤቱ ጀርባ ነበር። ልብስ በማጠብ ላይ የነበረች አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ሳሙና የነካው እጇን እያራገፈች ወደ ጥጉ አመለከተችና «እዚያ ከሆነማ ልጁን ማን ያየዋል? እኔ በዚህ በኩል ነው የምቆመው» አለችኝ። እርሷ ከቆመችበት ገንዳ ላይ ሆኜ ስመለከት በእርግጥም ግድግዳው ይጋርዳል። መጫወቻው ከገንዳው ፊት ለፊት፣ ዐይን በሚደርስበት ቦታ እንዲሆን ተወሰነ። በየትኛውም ስብሰባ ላይ ይህች ልጅ እጇን አውጥታ ትናገር ነበር ብዬ አላስብም፤ የመናገር ዕድል ቢሰጣት እንኳ ቤቱ የአሠሪዎቿ እንጂ የእርሷ አይደለም።

የጥላውን ጉዳይ በስሌትና በችካል አረጋገጥን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ቁመቱ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋው ባለ አራት ፎቅ ብሎክም ወደ ሰሜን 9 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በሰኔ ግን ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ርዝመቱም ከ4 ሜትር ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ በበጋ በቀትር ጥላ የሚያገኘው የደቡቡ ብሎክ ፊት ለአረጋውያን መቀመጫ፣ አብዛኛውን ቀን ፀሐይ የማያጣው መካከለኛው ክፍል ደግሞ ለማስጫ ተመደበ።

ጥር 2017፦ ኖራ

ከጥምቀት በኋላ ንድፉ በወረቀት ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ በኖራ ተሰመረ። ወረቀት ላይ የተሣለ ፕላን ማንበብ የሙያ ጉዳይ ነው፤ መሬት ላይ በትክክለኛ መጠኑ የተሰመረ ሳጥን ግን ማንም ሰው ገብቶ ሊቆምበት ይችላል። ሦስት አማራጮች በተለያዩ እሑዶች ተሰመሩ፤ እያንዳንዳቸውም ሰው እንዲመላለስባቸው ለሳምንት ቆዩ።

መኪና ማቆሚያው የመጀመሪያው ነበር። አንድ መኪና 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ይይዛል፤ መግቢያና መዞሪያው 6 ሜትር ይፈልጋል። በሜዳው ቁመት ልክ በአንድ ረድፍ 13 መኪና ለማቆም 11 ሜትር ወርድ፣ ማለትም የሜዳው ግማሽ ሊወሰድ ነው። ይህንን በቁጥር ስናስረዳ የነበረው ክርክር አላቆመም ነበር፤ ኖራው ሲሰመር ግን መስመሩ በዕድሩ ድንኳን መትከያ ላይ አለፈ፤ ባለመኪኖቹም ራሳቸው በድንኳኑ የሚያዝኑ የዕድር አባላት ስለሆኑ ነገሩን አይተው ዝም አሉ። በመጨረሻ የተስማማንበት በምዕራቡ መንገድ ዳር በጎን የሚቆሙ 5 መኪናዎች ብቻ እንዲስተናገዱና ቅድሚያው ለአካል ጉዳተኛ፣ ለታማሚና ለታክሲ ሠራተኛ እንዲሆን ነው። ሁሉም ደስ ብሎት ተስማማ ማለት አይቻልም፤ ሁለት አባወራዎች እስካሁን መዋጮ አልከፈሉም።

ልጆቹ በበኩላቸው ኖራው ገና ሳይደርቅ የመኪናውን ሳጥኖች ሰኞ ማክሰኞ አደረጓቸው። ይህ እንደ ጨዋታ ብቻ አልታየም፤ ከሌላው ንጣፍ የተለየ ቀለም ባላቸው ድንጋዮች ቋሚ የሰኞ ማክሰኞ መስመር እንዲነጠፍ የተወሰነው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ተለካ። 6 በ12 ሜትር የሆነው ድንኳን ሲዘረጋ የገመዱ ችካሎች ከእያንዳንዱ ጎን በተጨማሪ አንድ ሜትር ተኩል ይወስዳሉ። ኮብልስቶን ከተነጠፈ በኋላ ችካል የት ይተከላል የሚለውን ያነሡት ድንኳን ተካዮቹ ናቸው። መልሱ በየ3 ሜትሩ ከንጣፉ ጋር እኩል የሆነ የብረት ቀለበት በኮንክሪት መቅበር ሆነ። ቀለበቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ በክዳን ካልተሸፈነ ልጆች እንደሚሰናከሉበትም አብረው ነገሩን።

የካቲት 2017፦ መደብ

በንድፉ ላይ ከከተማው መናፈሻዎች የተለመደው ዓይነት ስድስት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። ወቅቱ የበርበሬ በመሆኑ ሜዳው በሰሌንና በጂባ ተሸፍኖ ሳለ፣ አንዲት እናት የወንበሩን ሥዕል አይተው «ይህ አንድ ሰው ያስቀምጣል፤ በርበሬዬን ግን የት ላስጣ?» አሉ። በመሬት ላይ የሚሰጣው በርበሬ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ ይጠጣል፤ ዶሮም ሕፃንም ይረግጠዋል፤ እርሳቸውም ቀኑን ሙሉ እየጎነበሱ ያገላብጡታል።

ከዚያ ውይይት የወጣው ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ መደብ ነው። ከፍታው ለመቀመጥ የሚመች ነው፤ ወርዱ በሁለቱም በኩል ጀርባ ለጀርባ ሰው ያስቀምጣል፤ አንድ ሰሌን ሲዘረጋበት ከዳር ሆኖ እስከ መሐሉ እጅ ይደርሳል። ለቅሶ ሲሆን የንፍሮው ትሪና የዕድሩ ሣህን ይደረደርበታል፤ ማታ ማታም ወጣቶቹ ከደረጃው ወርደው ይቀመጡበታል ተብሎ ታሰበ። ስድስቱ ወንበሮች ቀርተው ሁለት መደቦች ተተኩ፤ ወጪው ከወንበሮቹ አነሰ። እኔ በበኩሌ በዚህ ሥራ ውስጥ በትምህርት ቤት ተምሬው ልነድፈው የማልችለው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከመገንባቱ በፊት በብሎኬትና በጣውላ የሙከራ መደብ ተሠራ። ወቅቱ ረመዳን ስለነበረ ሙስሊም ጎረቤቶች ምሽት ላይ የማፍጠሪያ ሾርባና ሳምቡሳ አቅርበውበት ከመላው መወጣጫ ጋር ተካፈሉ። በሙከራው የታወቀው ነገር የመደቡ ጠርዝ ስለታም መሆኑና በተቀመጡ አረጋውያን ጉልበት ሥር የሚጫን መሆኑ ነው፤ ጠርዙ እንዲከብ ታዘዘ።

መጋቢት 2017፦ ገንዘብ

ክፍያውን በሁለት ከፈልነው። ድንጋይ፣ ብረትና የፍሳሽ ሥራ ከቤቱ ጋር የሚቀር ንብረት ስለሆነ ባለቤቶች እንዲከፍሉ፤ ዛፍ፣ ጽዳትና የመብራት ፍጆታ ደግሞ በቦታው የሚኖረው ሰው በየወሩ በሚያዋጣው አነስተኛ ገንዘብ እንዲሸፈን ሐሳብ ቀረበ። የተከራዮቹ ሥጋት ግን ሌላ ነበር። «ግቢው ካማረ ኪራይ ይጨመርብናል፤ አዋጥተን ራሳችንን ልናስወጣ ነው?» የሚል ቃል ከአንድ በላይ በሆኑ መወጣጫዎች ተሰማ።

ይህንን ማቃለል አይገባም። የሕዝብ ቦታ ሲሻሻል በዙሪያው ያለው ቤት ዋጋ መጨመሩ በብዙ ከተሞች የታየ ነው፤ ጥቅሙም የሚገባው ለባለንብረቱ ነው። በእኛ አገር አሁን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፤ የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ የጭማሪውንም መጠን ለአከራዩ ፈቃድ አልተወውም። ስለዚህ ያልተመዘገበ ውል ያላቸው ተከራዮች ውላቸውን እንዲያስመዘግቡ ኮሚቴው ገለጻ አደረገ፤ ባለቤቶች ማኅበሩም የሜዳውን ሥራ ለኪራይ ጭማሪ ምክንያት ላለማድረግ በቃለ ጉባኤ ተስማማ። ቃለ ጉባኤው ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እጠራጠራለሁ፤ ቢሆንም ጉዳዩ በጽሑፍ መስፈሩ ብዙዎቹን ተከራዮች ወደ መዋጮው አምጥቷል።

ሚያዝያና ግንቦት 2017፦ ግንባታ

ከፋሲካ በኋላ ቁፋሮ ተጀመረ። በመረሬ አፈር ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ድንጋይ በአንድ ክረምት ስለሚዋልል፣ በመተላለፊያዎቹና በመደቦቹ ሥር ያለው ጥቁር አፈር 50 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተቆረጠ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም ለሙሌት በተመረጠ አፈር ተተካ፤ በየንብርብሩም ተጠቀጠቀ። ከገንዘባችን ከሲሶ በላይ የሄደው ከዐይን በሚሰወረው በዚህ ሥራ ላይ ነው። አንዳንዶች «ገንዘባችን መሬት ገባ» ማለታቸው አልቀረም፤ እንዲያውም ቃል በቃል እውነት ነበር። ሒሳቡን ለማየት የፈለገ ሁሉ በየቅዳሜው ጉድጓዱ ዳር እየቆመ የአንድ ገልባጭ ሰሌክት ዋጋ ስንት እንደሆነና ስንት ገልባጭ እንደገባ እንዲያይ ደረሰኞቹ በኮሙናል ቤቱ በር ላይ ተለጠፉ።

ኮብልስቶኑ የተነጠፈው በተለመደው የእግር መንገድ፣ በመደቦቹ ዙሪያና በድንኳኑ ቦታ ብቻ ነው። የኳሱ ሜዳ በተጠቀጠቀ ሬድ አሽ፣ ማለትም በቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተሸፈነ። ለደመራ የሚሆነው 5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከብሎኮቹ በቂ ርቀት ላይ ተከልሎ በአፈርነቱ ተትቷል፤ ድንጋይ በእሳት ይፈነጠራል፤ ቢነጠፍ ኖሮ በየመስከረሙ መጠገን ያስፈልግ ነበር። የንጣፉ ተዳፋት በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡቡ ቦይ እንዲወርድ በውኃ ልክ ተስተካከለ፤ የማንሆሉም ክዳን ተቀይሮ ከንጣፉ እኩል ሆነ።

ሰኔ 2017፦ መጫወቻ

የልጆቹን መጫወቻ በተመለከተ ከገበያ የሚገዛ የፕላስቲክ ሸርተቴ የተጠየቀው በወላጆች ነው፤ ልጆቹ የጠየቁት የሚንጠለጠሉበት ነገር ነበር። በዚህ ጊዜ ለኮሚቴው የአምስተርዳምን ታሪክ አነሣሁ። በጦርነት የተጎዳችው ያች ከተማ ከ1947 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ባዶ በቀሩ ቦታዎችና በየአደባባዩ ከ700 በላይ መጫወቻዎችን ሠርታለች፤ ነዳፊው አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ የተጠቀመው በዋናነት የኮንክሪት የአሸዋ ገንዳ፣ መርገጫ ድንጋይና የታጠፈ ብረት ነበር። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚስማማው ግን አሠራሩ ነው፤ የሰፈሩ ሰዎች ባዶ ቦታ ሲያዩ ለከተማው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ብዙዎቹም መጫወቻዎች የተሠሩት እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው። የእኛ ብረት ሠራተኛ ከባለ ሁለት ኢንች ቱቦ ሦስት የተለያየ ከፍታ ያላቸው መንጠልጠያዎች በየደው፤ ከሥራቸው የአሸዋ ገንዳ ተሠራ። ከማጠቢያ ገንዳው ሆኖ ሦስቱም ይታያሉ።

ሐምሌ 2017፦ ዛፍና ያልተቋጨው

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ውኃ የተኛው በሰሜን ምሥራቁ መወጣጫ አፍ ላይ ብቻ ነው፤ አሥር ያህል ድንጋዮች ተነሥተው ተዳፋቱ ይስተካከላል። ሁለት ወይራ፣ ሁለት ዋንዛና አንድ ብሳና ተተክለዋል። ቶሎ ይደርሳል በሚል ግራቪሊያ የጠየቁም ነበሩ፤ የዛፉን ምርጫ ያሸነፉት ግን የወይራ ጭስ ለጠላ ጋን ማጠኛ ያስፈልገናል ያሉት እናቶች ናቸው። ወይራው ለቅርንጫፍ ቆረጣ እስኪደርስ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ተነግሯቸው «ለልጆቻችን ነዋ» ብለዋል። እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ መወጣጫ ተሰጥቷል፤ በበጋ የሚያጠጣውም ያው መወጣጫ ነው።

ያልተቋጨው የመብራቱ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ፎቅ ነዋሪዎች ፓውዛው በመኝታ ቤታቸው መስኮት እንዳይገባ ይፈልጋሉ፤ ከሥራ አምሽተው የሚመለሱ ሴቶች ደግሞ የእግር መንገዱ ከታክሲ መያዣው እስከ መወጣጫው ድረስ እንዲበራ አጥብቀው ጠይቀዋል። በኖራው ጊዜ እንዳደረግነው ሁለት የፓውዛ ቦታዎች በጊዜያዊ ምሰሶ እየተቀያየሩ ይሞከራሉ፤ በሁለቱም ሳምንታት ሴቶቹና የመጀመሪያ ፎቅ ነዋሪዎቹ አስተያየታቸውን ለጥበቃ ሠራተኞቹ መዝገብ ይሰጣሉ። የሜዳው መጠቀሚያ ደንብ ረቂቅም በኮሙናል ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በውስጡ ካሉት አንቀጾች እስካሁን ክርክር የቀረበበት ኳስ ከስንት ሰዓት በኋላ ይቁም የሚለው ብቻ ነው፤ በዚህም ላይ ከልጆቹ የተወከሉ ሁለት ተናጋሪዎች በነሐሴው የዕድር ስብሰባ እንዲገኙ ጥሪ ተላልፏል።